የሳተርን ቀለበት የት ሄደ? የጎንደር ልጆች ክርክር

በኢንተርኔት ላይ ጥያቄና መልስ የተከታተለበትን ክር የከፈተው የጎንደር አራዳ ልጅ ነው። ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሳለ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ምሽት ወደ ከዋክብት መመልከቻ ወጡ። የቤቱን ስም አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ቀኑ ኅዳር 19፣ 2018 ዓ.ም. ነው። ጾም ገብቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰልፉም ረጅም ነው። መጀመሪያ ጨረቃን አዩ። ግማሽ ሆና ነበር። ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት ላይ የጉድጓዶቿ ጥላ ቁልጭ ብሎ ስለታየ፣ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ቴሌስኮፑ ወደ ሳተርን ዞረ። ልጁ የጠበቀው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የሚያውቀውን፣ ሰፊ ቀለበት የታጠቀውን ፕላኔት ነው። ያየው ግን ትንሽ፣ ገረጣ ያለች ቢጫ ክብ ናት። መሐሏን በግድ የሚለይ ቀጭን መስመር ያቋርጣታል። ቀለበት የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄው ሁለት ነበር። መሣሪያው ነው የተበላሸው ወይስ የመጽሐፉ ሥዕል ነው የዋሸን? ደግሞስ ጎንደር ሆኖ በገዛ ዓይኑ የሚያረጋግጥበት ቦታ አለ? በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ምክር ጨመረ። የጎንደር ልጅ ለዚህ ብሎ ብሩንም ጊዜውንም እንዳያባክን መከረ። ክሩን ያጋጋለው ይህ ምክር ነው።

መልሶቹ እስከ 34 ደርሰዋል። ብዙ ሰው መሐል ላይ ስለሚተወው፣ ከላይ እስከ ታች ያነበብሁትን ላውጋችሁ። ነገሩ ከልቤ ስለሆነ ነው የምጽፈው። አንድ ልጅ አንዴ አይቶ ቅር ስላለው ብቻ ሌላው ሰማዩን ሳያይ እንዲቀር አልፈልግም።

1ኛውና 2ኛው መልስ የጨዋ መልሶች ናቸው። አንዱ በሰላም ገባህ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ጨረቃዋን ስላየ ብቻ ጉዞው እንዳልከሰረ አጽናናው። ሌላዋ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪ ግቢ ተማሪ ናት። እሷም ከዓመታት በፊት በቴሌስኮፕ ሳተርንን አይታ እንደምታውቅና ቀለበቱ በደንብ ይታይ እንደነበር ጻፈች። ይህቺ መልስ ስትነበብ ቀላል ትመስላለች። በኋላ ግን ቁልፍ ሆና ተገኘች።

3ኛው ውጭ ሀገር የሚኖር ሰው ነው፤ ገና ሲገባ በቁጣ ነው። በመጽሐፍ ላይ ያሉት ሥዕሎች ፕላኔቱ አጠገብ ደርሰው ባነሡ መንኮራኩሮች የተገኙ መሆናቸውን፣ ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2017 ሳተርንን ስትዞር እንደኖረች፣ ይህን ሳያውቅ ምክር የሚሰጥ ሰው አፉን ቢይዝ እንደሚሻል ነገረው። ያለው ነገር እውነት ነው። አነጋገሩ ግን የጠየቀን ሰው ያሸማቅቃል። ደግሞ ጥያቄውን አልመለሰም። ልጁ የጠየቀው ሥዕሉ ለምን አማረ ብሎ ሳይሆን ቀለበቱ የት ሄደ ብሎ ነው።

የመለሱለት 4ኛው ናቸው። ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው። ከዚህ በኋላ ክሩ ላይ የጻፈ ሁሉ አንቱ እያለ ነው የሚጠራቸው። ልጁን ሳይገሥጹ፣ ሰፌድ አንሥቶ ጠርዙን ወደ ዓይኑ እንዲያዞር ነገሩት። ከላይ ሲታይ ሰፊ ክብ የሆነው ነገር በጎን ሲታይ አንድ መስመር ብቻ ይሆናል። ሳተርን ወደ 27 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ፀሐይን በ29 ዓመት ተኩል ሲዞር ቀለበቱን አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ያሳየናል። በመካከሉ፣ በየ15 ዓመቱ ገደማ፣ ጠርዙን ወደ እኛ ያዞራል። ይህ የሆነው መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ ነው። ኅዳር 2018 ላይ ደግሞ እንደገና ወደ ጠርዙ ተጠጋ። ልጁ የሄደው ልክ በዚያው ሳምንት ነው።

መምህሩ የጨመሩት ቁጥር እስካሁን ይገርመኛል። ዋናዎቹ ቀለበቶች ከዳር እስከ ዳር ወደ 280 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሰፋሉ። ውፍረታቸው ግን በአብዛኛው በአሥር ሜትሮች ነው የሚቆጠረው። ከ1 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለን እንዲህ ያለ ስስ ነገር በጎን በኩል ማየት፣ መስመሩን እንኳ መለየት፣ መሣሪያው ጤነኛ መሆኑን ነው የሚያሳየው። የማራኪዋ ልጅ ያየችው ቀለበቱ ተከፍቶ በነበረበት ዘመን ነው። እንደ መምህሩ አገላለጽ፣ ከአሁን ጀምሮ በየዓመቱ እየተከፈተ ሄዶ በ2024 ዓ.ም. ገደማ በደንብ ይሰፋል።

እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። 5ኛው ተጠራጣሪ ነው። እንዲህ ከሆነ የመመልከቻው ሰዎች ለምን አልነገሯቸውም ሲል ጠየቀ። 6ኛው ደግሞ ከጥያቄው ወጣ ብሎ ሀገራችን የራሷ ትልቅ ቴሌስኮፕ እንዳላት ለማያውቁ አስታወሰ። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የአንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች መኖራቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መመረቃቸውን፣ የላሊበላ አካባቢ ተራሮችም ለተመሳሳይ ሥራ መጠናታቸውን ጻፈ። 7ኛው የክሩ ባለቤት ራሱ ነው። ለ5ኛው ሲመልስ፣ አስረጂዋ ስትናገር እነሱ ከኋላ ሆነው ከጨረቃዋ ጋር ፎቶ ለመነሣት ስልክ ሲቀባበሉ እንደነበር አመነ። ይህን በመጻፉ ወደድኩት።

8ኛው ለልጁ ትልቅ ጓደኛ አገኘለት። ጋሊልዮም ቀለበቱ ጠፍቶበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1610 በሳተርን ግራና ቀኝ የሆነ ነገር አየ። ምን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም። በ1612 መልሶ ሲያይ የለም። ደነገጠ። ምክንያቱን የሥነ ፈለክ ሊቁ ሃይገንስ ያወቀው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። 8ኛው ይህን ከእኛ ታሪክ ጋር አያይዞ፣ ዘመኑ ዐፄ ሱስንዮስ የነገሡበት፣ የፋሲል ግንብ ገና ያልታሰበበት እንደነበር ጠቀሰ። 9ኛው ወዲያው ገብቶ፣ ከፋሲል በፊት በጎንደር ዙሪያ ግንብ ይታነጽ ነበር በሚል ክርክር ጀመረ። እውነት አለው፤ ሱስንዮስም አሳንጿል። ግን ስለ ሳተርን እያወራን ነበር። አልፈዋለሁ።

10ኛው የእኔ ነው። የጻፍሁት ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት፣ ከፍታዋም ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ግንቦት ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ወደ ሰሜን ብትዞሩ ትልቁን ድብ ታያላችሁ። ሳትንቀሳቀሱ ወደ ደቡብ ዞር ስትሉ ደግሞ ደቡባዊ መስቀል አለላችሁ። ስዊድን ያለ ሰው መስቀሉን አያይም። ኬፕታውን ያለ ሰው የሰሜን ኮከብን አያይም። እኛ ሁለቱንም እናያለን። የሰሜን ኮከብ ጎንደር ላይ ዝቅ ያለ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡ፣ ከጭብጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ተራራ ወይም ባሕር ዛፍ ካልጋረደው ማለት ነው።

11ኛዋ ከቀበሌ መንደር የምትጽፍ እናት ናት። ልጇ ቴሌስኮፕ እንዲገዛለት እየጨቀጨቃት ነው። ዋጋውን ስታየው አልቻለችም። እንግዲህ ክሩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ለሰው የጠቀመው ይመስለኛል የ12ኛው መልስ። ይህ ሰው የሰሜን ተራሮች አስጎብኚ ነው። አስጎብኚዎች ሁሉ ዋልያና ጭላዳ ለማሳየት ባይኖክላር፣ ማለትም ሩቁን የሚያቀርብ የሁለት ዓይን መነጽር፣ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። እሱ ያለው ላዩ ላይ 8 በ42 ተብሎ የተጻፈበት ነው። 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በዚህች ዕቃ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ጨነቅ ካምፕ ላይ ለእንግዶች እንደሚያሳይ ጻፈ። ቱሪስት ቀን ጭላዳ አይቶ ማታ ሰማዩ ሥር ነው የሚቀረው አለ።

አሠራሩንም በዝርዝር አስቀመጠ። በእጅ ብቻ ከተያዘ ኮከቡ ይርገበገባል፣ ጨረቃዎቹም አይለዩም። ስለዚህ ጀርባን ለግድግዳ መስጠት፣ ክርኖችን ደረት ላይ ማጣበቅ፣ ትንፋሽ ያዝ ማድረግ። ጁፒተር ራሱ ደማቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። በአንድ መስመር ግራና ቀኝ የተሰለፉ ትንንሽ ነጥቦች ጨረቃዎቹ ናቸው። አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት። በወረቀት ሥዕላቸውን አስቀምጦ በማግሥቱ ያየ ሰው ቦታ ቀይረው ያገኛቸዋል። ቅርቧ ጨረቃ አዮ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ነው ዙሯን የምትጨርሰው። ስልክ የነካ ግን ዓይኑን ያበላሻል። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ የስክሪን ብርሃን ሁሉንም ያፈርሰዋል። መብራት የግድ ካስፈለገ ባትሪው ላይ ቀይ ፌስታል ደራርቦ ማሰር ነው።

13ኛው መብራት በጠፋ ማታ ከሰፈሩ ፍኖተ ሐሊብን፣ ያን ሰማይ የሚያቋርጥ ነጭ የከዋክብት ጭረት፣ እንዳየ ተናገረ። 14ኛው ደግሞ ኅዳር 12 ቀን ማንም ሰው ምንም እንዳይሞክር አስጠነቀቀ። ኅዳር ሲታጠን ከየደጁ የሚነሣው ጭስ ከተማዋን ይሸፍናታል። ትክክል ነው። ከዚያ ውጭ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ሰማይ ጥሩ ነው፤ ክረምቱን ግን ለዝናቡ መተው ነው።

15ኛዋ አጭርና ከባድ ነገር ጻፈች። ከኮረብታ ኮረብታ እየመራረጡ ለነበሩት፣ በዚህ ጊዜ ማታ ከሰፈር ርቆ መውጣት እንደማይገባ፣ የወላጅም ጭንቀት እንዳለ አሳሰበች። አንዱ ፈሪ ሊላት ቃጣው። ሌሎቹ ዝም አሰኙት፤ ደግ አደረጉ። ለጁፒተር ተራራ መውጣት አያስፈልግም። የግቢ አጥርና ድቅድቅ ያለ ጨለማ ይበቃል። እኔም በዚህ በኩል ነኝ።

ከ17ኛው በኋላ ወሬው ወደ ፀሐይ ግርዶሽ ዞረ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይዋ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ ጎንደር ላይ ግን ቀለበቱ አልሞላም። ብዙው ሕዝብ ያንን ጠዋት ያስታውሰዋል፣ ኮሮናም የገባበት ሰሞን ነበር። አንዱ የራጅ ፊልም ዓይኑ ላይ ደቅኖ እንዳየና ምንም እንዳልሆነ በኩራት ጻፈ። 19ኛው እንደ እሳት ነደደበት። እሱ የዓይን ሕክምና ተማሪ ነው። የራጅ ፊልም ብርሃኑን ቢያደበዝዝም የማይታየውን ጨረር እንደማይከለክል፣ የዓይን መረብ ሲቃጠል ሕመም ስለማይሰማ ሰውየው የሚያውቀው ከተጎዳ በኋላ እንደሆነ፣ ይህን መልስ ልጆች እንደሚያነቡት በቁጣ ተናገረ። ቃሉ ሻካራ ነበር። የ3ኛው ቁጣ አላስደሰተኝም፤ ይኼኛው ግን ተገቢ ነው። ዓይን አይተካም። 20ኛዋ ነገሩን አለዘበችው። እሷ ያን ቀን ወደ ፀሐይ ቀና ሳትል ነው ያየችው። ዛፍ ሥር መሬቱ ላይ፣ በቅጠሎቹ መሐል ሾልኮ የወረደው ብርሃን ሁሉ ማጭድ ማጭድ የሚያህል ሆኖ ነበር። ካርቶን በመርፌ ቀድዶ በቀዳዳው አልፎ መሬት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ማየትም ይቻላል።

21ኛው ቀጣዩን ጠየቀ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ፣ በሉክሶርና በመካ በኩል የሚያልፍ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ጎንደር ላይ በከፊል ነው። ያውም በሐምሌ ደመና።

ከዚያ 22ኛው መጣ። ቁስቋም አካባቢ የሚማር የአብነት ተማሪ ነው። በትሕትና ነው የጀመረው። የጎንደር ሊቃውንት ያለ ቴሌስኮፕ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ሲቆጥሩ መኖራቸውን አስታውሶ፣ የበዓላት ቀን በሚወጣበት ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ የ2018 ዓ.ም. አበቅቴ 12፣ መጥቅዑ 18 መሆኑን፣ ሁለቱ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 እንደሚሆኑ አሳየ። 23ኛው ጠንቋይ ቤት የገባ መሰለው። ከኮከብ ቆጠራና ከዕጣ ፈንታ ጋር ቀላቅሎ አወገዘው። 24ኛው ደግሞ ለተማሪው ተቆጥቶ የ23ኛውን አያት ሳይቀር አንሥቶ ሰደበው። ክሩ ላይ ያፈርኩበት ቦታ ይህ ነው። መምህሩ በ25ኛው ተመልሰው ገቡ። ማንንም ሳይነኩ፣ በዚያው ቁጥር ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 እንደሚውል አሰሉት። 23ኛው ራሱ የሚጾመው በዚያ ስሌት መሆኑን ሲረዳ ዝም አለ።

26ኛው ግን ጥሩ ጥያቄ አነሣ። በስሌቱ የምትገኘው ጨረቃና ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ በቀናት እንደሚለያዩ ጻፈ። ውጭ ወጥቶ አይቷል። 27ኛው ምክንያቱን አስረዳ። በ19 ዓመት የሚዞረው ዐውደ አበቅቴ ከእውነተኛዋ ጨረቃ ጋር በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይራራቃል። በብዙ መቶ ዓመታት ያ ተጠራቅሞ ቀናት ሆኗል። አባቶች ስሌቱን የሠሩት ግን በዓላትን በሥርዓት ለማስያዝ ነው፤ ለዚያ ዛሬም ያገለግላል። ተማሪው በ28ኛው የመለሰው ልቤን ነካው። ልዩነቱን እሱም ታዝቦት እንደነበር፣ የኔታን ለመጠየቅ ፈርቶ እንደቆየ፣ አሁን ግን ጨረቃዋን በመነጽር እያየ ቀን በቀን መመዝገብ እንደሚፈልግ ጻፈ። ጎንደር ላይ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ልጅ ባይኖክላር ሲይዝ ማየት እኔ ከማንኛውም ሕንፃ በፊት የምመኘው ነገር ነው። ሁለቱን የሚያጣላቸው የለም።

29ኛው ቀን አመጣ። ጥር 10፣ ከተራ። ታቦታቱ ፋሲለደስ መዋኛ በሚያድሩበት ሌሊት ሕዝቡም ውጭ ያድራል። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ያ ሌሊት ጨረቃ የለበትም፤ ከፀሐይ ጋር የምትገጥምበት ቀን ነው። ጁፒተርም ጥር መጀመሪያ ላይ ከፀሐይ ተቃራኒ ስለሚቆም፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከራስ በላይ ነው ማለት ይቻላል። 30ኛዋ ሐሳቡን አልወደደችውም። ሌሊቱ የጸሎትና የማኅሌት እንጂ የመነጽር እንዳልሆነ ተናገረች። 31ኛው መዋኛው አካባቢ መብራት ስለሚበዛ ለማየትም እንደማይመች ጨመረ። አብነት ተማሪው ታቦቱ ካለበት ራቅ ብሎ፣ በዝምታ ከሆነ ነውር እንደማይታየው መለሰ። እኔ 30ኛዋን እደግፋለሁ። ከተራውን ለከተራ ትተን፣ በዚያው ሳምንት ከየግቢያችን ብናይ ጁፒተር የትም አይሄድም።

32ኛው ሳተርንስ ብሎ ጠየቀ። ጥር ላይ ሲመሽ በምዕራብ በኩል ይገኛል። ቀለበቱ ገና ቀጭን ነው።

33ኛው የክሩ ባለቤት ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ አስተካክሎ፣ ገንዘብ አታባክኑ የሚለውን ምክር አውጥቶታል። በምትኩ ለከተራው ሳምንት የሚያውሰው ሰው ካለ ባይኖክላር ጠየቀ። 34ኛው አስጎብኚው ነው፤ ሁለት አለው። አንዱን ለእሱ፣ ሌላውን ለ11ኛዋ እናት ልጅ ሊያውስ ተስማማ። የአንዱ ማንጠልጠያ ስለተበጠሰ በጫማ ማሰሪያ እንዲያስሩት አደራ ብሏል።